የለቅሶው መኪና ከመነሣቱ በፊት

ሀዋሳ የደረሰችኝ በዕጣ ነው። በዚያ ዘመን መንግሥት ከሕክምና ትምህርት ቤት የተመረቀውን ሁሉ አዳራሽ ሰብስቦ ዕጣ ያስወጣ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ስሙን ሰምቶት የማያውቀው ቆላ ደርሶት ሲያለቅስ፣ እኔ ሐይቅ ደረሰኝ። አዲስ አበባ ያለው ጡረተኛ አባቴ «እንግዲህ ዓሣ ትበያለሽ፤ ምን ጎደለሽ?» ብሎ ሸኘኝ። ዓሣውንም በላሁ፣ ወባውንም ታመምኩ፤ ከሁሉ የከበዱኝ ግን አከራዬ ነበሩ።

አከራዬ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው፣ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ አቡጀዲና ከፋይ እየሸጡ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሴት ናቸው። አገራቸው ከሀላባ ወዲያ ነው። ጴንጤ ናቸው፤ ያውም የቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ኅብረት ሰብሳቢ። ከግቢያቸው አንዷን ክፍል ሲያከራዩኝ ወንድ እንዳይገባ፣ መብራት እንዳይባክን፣ እሑድ ጠዋት ሬዲዮ እንዳይጮኽ አስጠነቀቁኝ። እኔ ደግሞ ሕግ ሲበዛብኝ ቱግ የምል ሴት ነኝ። ሳንጨቃጨቅ የዋልንበት ቀን ትዝ አይለኝም። አባቴ የሚደውልልኝ በሳቸው ቤት ስልክ ስለነበር፣ እኔ ከሥራ እስክገባ ሁለቱ ሲያሙኝ ይቆያሉ።

«ልጅዎ ምላሷ ረጅም ነው» ይሉታል።

«ምላሷን ይተዉትና እራቷን መብላቷን ይንገሩኝ» ይላቸዋል።

አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል የግቢው በር ተንኳኳ። የዕድሩ ዳኛና የኅብረቱ ሴቶች ነበሩ። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ ከመጣ ምን ይዞ እንደመጣ ሁሉም ያውቀዋል። የአከራዬ ታላቅ ወንድም አገር ቤት ሞተው ኖሯል። መርዶውን ነገሯቸው፣ ደጋገፏቸው፣ ጉሮሯቸው እንዳይደርቅ ብለው ውኃም ሻይም በላይ በላዩ አጠጧቸው፤ ወዲያው ሚኒባስ መጥቶ ይዟቸው ሄደ። እኔ ተረኛ ስለነበርኩ በሩ ላይ ቆሜ ሸኘኋቸው።

ከለቅሶው ሲመለሱ ያ ግቢ የሚያናውጥ ድምፃቸው የለም። ሆዳቸውን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ገቡ። ሴቶቹ «ሐዘን ነው» አሉ። እሳቸውም «ሐዘን ነው» አሉ። ምግብ ጠሉ። ሽንታቸውም ጠብ ጠብ ከማለት በቀር አልወርድ አለ። ጥቂት ቆይቶ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፋ፤ ትኩሳት ተከተለ። ሐዘን ልብ ይሰብራል እንጂ ሆድ አይነፋም ብዬ፣ ባጃጅ አስጠርቼ፣ መንገዱን ሙሉ እየተነታረክን የምሠራበት ሆስፒታል ወሰድኳቸው። እዚያው ተኙ።

ሆድ ውስጥ ውኃ ሲጠራቀም ሐኪም መጀመሪያ የሚጠረጥራቸው የታወቁ ናቸው። ጉበት፣ ልብ፣ ቲቢ፤ ሴት ከሆነች ደግሞ የማሕፀን አካባቢ ዕጢ። የአከራዬ ጉበት ደህና ሆነ፣ ልባቸውም ደህና። አልትራሳውንዱ ከውኃ በቀር ምንም አላሳየም። በመርፌ የቀዳነው ውኃ ቀጠን ያለ ቢጫ ነው፤ ላቦራቶሪ ሲያየው የኢንፌክሽን ምልክት ሞልቶበታል። የክፍላችን ኃላፊ የነበሩት ስፔሻሊስት ትኩሳቱን፣ ክሳቱንና ውኃውን ደማምረው «የሆድ ዕቃ ቲቢ ነው» አሉና መድኃኒት አስጀመሩ። እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን እሱኑ እጽፍ ነበር፤ በእኛ አገር እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቲቢ ነው።

ከዚህ ጋር አልገጥም ያለን ኩላሊታቸው ነው። ኩላሊት ከደም አጣርቶ በሽንት የሚያስወጣው ክሬቲኒን የሚባል ቆሻሻ አለ። የእሳቸው ደም ውስጥ ይኼ ነገር ከልክ በላይ ተጠራቅሟል። ቲቢው ሳያንስ ኩላሊታቸውም ደክሟል ተባለ። በተኙበት ቀን የሽንታቸውን መጠን ለማወቅ በሽንት መውጫቸው ቱቦ ገብቶ ነበርና፣ ሽንቱ ወረደ፣ ሆዳቸው ጎደለ፣ የደማቸው ምርመራም ተሻሻለ። የክፍሉ ሐኪሞች መድኃኒቱ ያዘላቸው አልን። የኅብረቱ ሴቶች ጾም ጸሎታችን ተሰማ አሉ። አከራዬ ለሁለቱም ምስጋና ካደረሱ በኋላ «አሁን ይኼን ገመድ አውጡልኝ፤ ነውር ነው» ብለው ነርሷን አስጨነቋት። ቱቦው ወጣ።

ቱቦው በወጣ ማግስት ሆዳቸው ተመልሶ ይነፋ ጀመር። ክሬቲኒኑም እንደገና ከፍ አለ። ሐኪሞቹ መድኃኒቱ ከዳ አሉ፤ ሴቶቹ ጠላት ተመለሰ አሉ። እኔ ግን ዓይኔ ቱቦው ላይ ቀረ። ሲገባ ሆዱ ይጎድላል፣ ሲወጣ ይሞላል፤ ይኼ ለምን ይሆናል? ባጃጅ ውስጥም፣ ምሳ ላይም፣ ልብስ ሳጥብም ይኼው ነገር ይመላለስብኝ ነበር።

ሐኪሞች አብረን አልጋ በአልጋ በምንዞርበት በጠዋቱ ራውንድ ላይ አልቻልኩም፣ አወጣሁት። «ሆዳቸው ውስጥ ያለው ውኃ ሽንት ቢሆንስ?» አልኩ።

የሳቀ አልጠፋም። ኃላፊው ግን አልሳቁም። «ሽንት ሆድ ውስጥ የሚፈስሰው የሽንት ፊኛ ሲቀደድ ነው» አሉኝ። «ፊኛ ደግሞ እንዲሁ ተቀምጦ አይቀደድም። የመኪና አደጋ፣ ርግጫ፣ ከፎቅ መውደቅ ይፈልጋል። ጠይቂያቸውና ካገኘሽ አምጪ።»

ሄጄ ጠየቅኳቸው። መኪናው ተጋጭቶ ነበር? ሰው መታዎት? ከባድ ነገር ወደቀብዎት?

«ማን አባቱ ነው የሚመታኝ?» አሉኝ። በዚያ ድካም ላይ ሆነው እንኳ ገላመጡኝ። አብረዋቸው ሄደው የነበሩትን ሴቶችም ጠየቅኩ፤ «በኢየሱስ ስም! ምንም የደረሰባት ነገር የለም» አሉኝ። የላቦራቶሪውን ሰው የሆዱን ውኃ ለክሬቲኒን መርምርልኝ ብለው ደግሞ፣ «ዶክተር፣ ይኼ የደም ምርመራ ነው። ኬሚካሉ የሚያልቅብን ጊዜ ነው፤ በወሬ አላባክነውም» ብሎ መለሰኝ። ተናደድኩ፤ ግን በእጄ የያዝኩት ማስረጃ ስላልነበረ ዋጥ አድርጌ ወጣሁ።

ያን ሰሞን ኃላፊው የአከራዬን ልጆች ጠርተው ኩላሊቱ በዚሁ ከቀጠለ ደም የሚያጥብ ማሽን እንደሚያስፈልግ፣ እሱም ያለው አዲስ አበባ ብቻ እንደሆነ ነገሯቸው። ልጆቹ ከሽማግሌ ጋር ተመካከሩ። ከዚያ የወሰኑትን የነገሩኝ ራሳቸው አከራዬ ናቸው። «ማክሰኞ መኪና ይመጣል። ወደ አገሬ እገባለሁ» አሉኝ። «አዲስ አበባ ሄጄ የብረት መጫወቻ ከምሆን ከወንድሜ ጎን ይሻለኛል። የክፍልሽ ቁልፍ ሲጠብቅ ዘይት አድርጊበት።» ስለ ሞታቸውና ስለ ቁልፉ በአንድ ትንፋሽ ማውራታቸው አንጀቴን በላው። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ሳለቅስም የበለጠ ተናደድኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የሟች ወንድማቸው ሚስት ከአገር ቤት መጣች። በስተርጅና ያገቧት፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ጥቁር የለበሰች፣ ቅቤና ቆጮ የያዘች ሴት። አልጋው ዙሪያ የኅብረቱ ሴቶች መዝሙር እየዘመሩ ነበር። እኔ ከአጠገቡ የተኛችውን በሽተኛ የደም ግፊት እለካለሁ። ሴትየዋ የአከራዬን እግር ይዛ አለቀሰች፤ ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ታወራ ጀመር።

«ይቺ ሴት እንዲህ ትሁን? ወንድሟን እንደሷ ያለቀሰለት የለም። እኔ ሚስቱ እንኳ እንደሷ አላለቀስኩም! ከመኪና ወርዳ፣ ከሜዳው ጫፍ ጀምራ እየሮጠች፣ ‹ወንድሜ!› ብላ ወደ ላይ ተነሥታ በሆዷ መሬት ላይ ስትፈጠፈጥ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ቆመ። አንሥተናት ደግማ ተፈጠፈጠች። ሽማግሌዎቹ ‹እህት ማለት እንዲህ ናት› አሉ። እስከ ዛሬ ይወራል።»

መዝሙሩ ቆመ። አንዷ ጣራውን አየች፤ አንዷ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥር ጀመር። አከራዬ ብርድ ልብሱን እስከ ግንባራቸው ሳቡት።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእነዚህ ሴቶች ቤተ ክርስቲያን ደረት መድቃትና መሬት ላይ መፈጥፈጥ እንደ ኃጢአት ይቆጠራል። ተስፋ እንደሌላቸው አታልቅሱ ተብሎ ይሰበካል፤ ይኼንን በየሳምንቱ ሴቶቹን የሚያስተምሩት ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን አከራዬ ናቸው። አገራቸው ሲገቡ፣ ያሳደጋቸውን ወንድም ቀብር ሲያዩ፣ ትምህርቱ ከመኪናው ሳይወርድ ቀረ። አብረው የሄዱት ሴቶችም ጓደኛቸውን ላለማሳጣት ሆድ ይፍጀው ብለው ተመለሱ። ለሐኪምም እንኳ አልተነፈሱም። ለነገሩ ለቅሶ ላይ መውደቅን እንደ አደጋ የሚቆጥረው ማን ነው? እኔ ራሴ ስጠይቅ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

የግፊት መለኪያውን በሽተኛዋ ክንድ ላይ እንደጠቀለልኩት ትቼ ወደ አልጋው ሄድኩ፤ ብርድ ልብሱንም ገለጥኩት።

«እትዬ፣ ከመፈጥፈጥዎ በፊት ሽንትዎን የሸኑት መቼ ነበር?»

«አንቺ ልጅ፣ በሰው ፊት ነውር አታውቂም?»

«አላውቅም። መቼ ነበር?»

ብርድ ልብሱን ከእጄ ነጠቁኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ጠዋት ያን ሁሉ ውኃ አጠጡኝ» አሉ። «ሻሸመኔ ላይ ወጥሮኝ ነበር። የለቅሶ መኪና ለሽንት አቁሙልኝ ይባላል? ሰው ምን ይላል? ሀላባን ስናልፍማ መቀመጥ አቃተኝ።»

«ሲወድቁስ ምን ተሰማዎት?»

«አቡጀዲ ሲቀደድ እንደሚሰማው ነው። ውስጤ ተርርር አለ። ከዚያ ያ ውጥረት ድንገት ጠፋ። ሐዘኑ ነው ብዬ ተውኩት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አቡጀዲ ሲቀደድ በሰማሁ ቁጥር እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ፊኛ ባዶ ሲሆን ከአጥንት ጀርባ ተሸሽጎ ይቀመጣል፤ ሲሞላ ግን እንደ ውኃ ከረጢት ተወጥሮ ወደ ላይ ይወጣል። የተወጠረ ፊኛ ይዞ በሆድ መውደቅ የመኪና አደጋን ያህል ነው። አናቱ ላይ ከተቀደደ ሽንቱ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳል፣ ሆዱን ይነፋል፣ ይመረቅዛል፣ ቆሻሻው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ኩላሊቱ ሳይታመም የታመመ ይመስላል። ሌላ አንድም በሽታ አልነበረባቸውም፤ ቲቢውም ኩላሊቱም ያቺ አንዲት ቀዳዳ ነበረች።

ነገሩን ለኃላፊው በስልክ ነገርኳቸው። «ሰኞ በጠዋት ውኃውንና ደሙን አንድ ላይ ስጪው። ላቦራቶሪውን እኔ አናግረዋለሁ» አሉ። ሕጉ ቀላል ነው፤ የተለመደው የሆድ ውኃ ክሬቲኒኑ ከደሙ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ሽንት ከሆነ ግን ከደሙ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሰኞ የላቦራቶሪው ሰው ውጤቱን ራሱ እየሮጠ አመጣው። «ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደገምኩት፤ ያው ነው» አለኝ። የውኃው ክሬቲኒን የደሙን ብዙ እጥፍ ነበር። ኮሪደሩ ላይ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

የቀረው ቀዳዳውን በዓይን ማየት ነው። በቱቦ አድርገን ፊኛቸውን በራጅ ላይ ነጥቶ በሚታይ ፈሳሽ ሞላንና ራጅ አነሣን። ፊልሙ ሲወጣ ኃላፊው በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዙት። ነጩ ፈሳሽ ፊኛ ውስጥ አልቆየም፤ በአንጀቱ መሐል ሽቅብ ተበትኗል። ራውንድ ላይ የሳቁት ሁሉ ከኋላችን ተደርድረው ያያሉ። ኃላፊው ዞር ብለው «ዶክተር፣ ሽንት ነው» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ከተመረቅኩበት ቀን ይበልጥ የኮራሁት ያን ቀን ነው፤ ይኼን ለመናገር አላፍርም።

ማክሰኞ ወደ አገር ቤት ሊወስዳቸው የመጣው መኪና የሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ዋለ፤ እሳቸው ኦፕራሲዮን ክፍል ነበሩ። ልጆቻቸው፣ የሟች ሚስት፣ የኅብረቱ ሴቶች፣ የመኪናው ሹፌር ሳይቀር ደጅ ላይ ቁጭ ብለዋል። ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ቁጡ ሰው ነበር፤ ሲወጣ ግን ፈገግ ብሏል። «ቀዳዳው እንዳልሺው አናቱ ላይ ነው። ሆዱን አጠብነው፣ ቀዳዳውን ሰፋነው። ያቺን ቱቦ ሁለት ሳምንት እንዳትነካ ንገሪያት» አለ። ሴቶቹ ያን ጊዜ እልልታውን አቀለጡት። ዘበኛው መጥቶ ሊያስቆማቸው ሞከረና እሱም ሳቀ።

አከራዬ ነቅተው እንደተሰፉ ስነግራቸው የጠየቁኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «በነጠላ ነው በድርብ ስፌት?» የሚል ነበር። በድርብ ነው አልኳቸው። «እንግዲያው ይቆያል» አሉና ተኙ። ክሬቲኒኑ በቀናት ውስጥ ወረደ። ትኩሳቱ ጠፋ፣ የቲቢው መድኃኒት ቆመ፣ ጭቅጭቃቸው ተመለሰ።

ፓስተሩ ሊጠይቃቸው ሲመጣ ሴቶቹ ፈርተው ነበር። አከራዬ ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩ። «ፓስተር፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ተፈጥፍጫለሁ። ደግሜም ተፈጥፍጫለሁ። ወንድሜ ነው።» ፓስተሩ ጎንበስ ብሎ «ኢየሱስም በወዳጁ መቃብር አልቅሷል፣ እናቴ» አላቸው። «አልቅሷል፣ ግን ሽንቱን ይዞ አይመስለኝም» አሉት። እየሳቁ ስፌታቸውን ደግፈው ያዙ።

ያን ጊዜ መሥሪያ ቤት ሁሉ ግምገማ ነበረው። በዚያ ዓመት ግምገማ ላይ አንዱ ባልደረባዬ ተነሥቶ ድክመቴን ሲዘረዝር «ትጨቃጨቃለች» አለ። ኃላፊው እጃቸውን አወጡና «ይኼ በጥንካሬም ይያዝልኝ» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

በዚያ ዕድርና በዚያ ኅብረት ከዚያ ወዲህ አዲስ ሥርዓት ተተከለ። ለሩቅ ለቅሶ መኪና ሲመጣ አከራዬ በሩ ላይ ይቆማሉ። «ሁላችሁም ሽንት ቤት! ያልገባ አይሳፈርም!» የዕድሩ ዳኛ፣ እኚያ የተከበሩ ሽማግሌ ሳይቀሩ፣ ተሰልፈው ይገባሉ። ሻሸመኔም ይቆማል፣ ሀላባም ይቆማል። ማልቀሱን ግን የከለከለ የለም። እኔም የለቅሶ መኪና በመጣ ቁጥር ከመስኮቴ ይኼን ሰልፍ ሳይ የሥራዬ ፍሬ ነውና እስቃለሁ።

ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል የእኔ በር ተንኳኳ። ስከፍት አከራዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከኋላቸው የኅብረቱ ሴቶች፣ ከደጅ ሚኒባስ። ያ ሰዓት ምን ይዞ እንደሚመጣ ሐኪምም ያውቀዋል። የአባቴ ስልክ ሲመጣ የነበረው በሳቸው ቤት ነው፤ የመጨረሻውም በዚያው መጥቷል።

«አባቴ?» አልኩ።

ክንዴን ይዘው፣ ግቢውን አቋርጠው እስከ ሽንት ቤቱ በር ወሰዱኝ። «መጀመሪያ ግቢ» አሉኝ። ገባሁ። ከውጭ ቆመው ይጠብቁኛል፤ አፋቸውን በነጠላቸው አፍነው ሲያለቅሱም ይሰማኛል። አባቴ ያን ሁሉ ዓመት በስልክ አብረውት ሲያሙኝ የኖሩት ወዳጃቸው ነበር።

ስወጣ በሁለት እጃቸው አቀፉኝ።

«አሁን እንደ ልብሽ አልቅሺ፣ ልጄ። መፈጥፈጥም ካማረሽ እኔ ይዤሻለሁ።»

አዲስ አበባ እስክንደርስ እጄን አለቀቁትም።